ከውስጥ የሌለው መስኮት

ለውድ እህቴ ለእታለም፣

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተሻል? ያ ወገብሽን የሚቆርጥሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ለሰው ሁሉ ደኅና ነኝ እያልሽ ነው? አባባስ ሳሉ ለቀቀው? አክስታችን ጥርሷን አስነቀለች ወይስ አሁንም ሐኪሙን እየሰደበች ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ።

አባባ የካርቶን ቤቴን አይቶ ያለውን የነገርሽኝበትን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ልንገርሽ። የምሠራበት መጋዘን የተቀደደ ካርቶን ሞልቶታል። በዕረፍት ቀኔ በምላጭና በኮላ ቤታችንን መሥራት ጀመርኩ፤ የሳሎኑን ወንበር፣ ጢስ ያጠቆረውን የወጥ ቤት ግድግዳ፣ አንቺ የሰበርሽውን የደጃፍ ደረጃ ሳይቀር። እኔ አልሰበርኩም እንዳትዪ፤ አንቺ ነሽ። አብሮኝ የሚኖረው ዳቦ ጋጋሪ በስልኩ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ጠዋት ስንነሳ ጉድ ፈልቷል፤ አገር ምድሩ አይቶታል። ጋጋሪው «ቤት የሌለው ሰው በቤት ታወቀ» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ አንዲት የማላውቃት ሴት ጻፈች፤ ከውጭ መስኮቱ አራት ነው፣ ከውስጥ ግን ሦስት፣ አራተኛው የማን ነው ብላ። ሄጄ ቆጠርኩ። እውነቷን ነው። ከውጭ መስኮቱን ከነመጋረጃው ሠርቼዋለሁ፤ ከውስጥ ግን ቁም ሳጥኑን ግድግዳው ላይ አስደግፌዋለሁ፤ በር እንኳ አላወጣሁለትም። እጄ ሲሠራ እኔ አላወቅሁም። እታለም፣ ክው አልኩ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለዚያ መስኮት ብቻ ነው። ሰው ተገድሎበት ነው የሚል አለ፤ ወርቅ ተደብቆበት ነው የሚልም አለ። አንዱ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየሁ ብሎ ጻፈ። የካርቶን መጋረጃ ምን ነፍስ አለውና ብዬ ሳቅሁ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የምተኛው። ያ ሁሉ ሕዝብ የታናሻችንን የፌንጣን በር እያንኳኳ ነው። እኛ ደግሞ እሱ በትኩሳት ከሞተና አባባ ቁም ሳጥኑን ገፍቶ በሩ ላይ ካቆመው ጀምሮ፣ ሆድ ይፍጀው ብለን ስሙን እንኳ ጠርተን አናውቅም።

ክፍሉን ልሠራለት ቁጭ ብዬ ነበር፤ አቃተኝ። አልጋው በየት በኩል እንደነበር ጠፋኝ። ሲስቅ ይሰማኛል፣ ፊቱ ግን አይመጣልኝም። ከልቤ ፈጥሬ እንዳልሠራው ደግሞ እሱን ዳግመኛ መቅበር ሆነብኝ። ለዚህ ነው አባባ ስልኩን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ሲያይ ቆይቶ «ልጄ መስኮቱን አልረሳውም» ማለቱን ስሰማ ያለቀስኩት። ቢቆጣ ኖሮ እንዲህ አይልም ነበር። እባክሽ ለምኚው። ቁም ሳጥኑን አንሡና ግቡ፤ ያለውን እንዳለ ንገሪኝ። ለሕዝቡ ባላሳየው ግድ የለኝም፤ እኔ ልየው።

አባባን ግንባሩን ሳሚልኝ። አክስታችንን እጅ ንሺልኝ። ያቺን ምላሰኛ ልጅሽን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ። ጋጋሪውም ሳያውቃችሁ ሰላም ብሏችኋል። በሩ ሲከፈት ደግሞ ፌንጣን፣ ወንድምህ ሰላም ብሎሃል በይልኝ።

ወንድምሽ
ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው ክፍላችን
እሑድ፣ ሰኔ 8 ቀን