የሽማግሌው ጢም

ለውዷ ባለቤቴ ለአስቱ፤

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ጌታን ስለ አንቺ ሳመሰግን ያልነገርኩሽ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ዋሽቼሻለሁ። ሽማግሌው ሞቶ ነበር፤ የገደልኩትም እኔ ነኝ።

ለሕክምና ሐዋሳ ተኝተሽ ሳለ ነው። የቧንቧ ውሃ ተራችን የደረሰ ዕለት፣ ስትመለሺ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቅሽ ብዬ የዓሣ ገንዳችንን ውሃ በሙሉ ደፋሁና ከቧንቧው በቀጥታ ሞላሁት። አንቺ በባልዲ ቀድተሽ ክፍቱን የምታሳድሪው ዓሣ የሚገድለው ክሎሪን እንዲወጣለት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ጠዋት ሽማግሌውን፣ ያን ጢማም ዓሣችንን፣ በጀርባው ተንጋሎ አገኘሁት። ጓሮ፣ ትልቁ እንሰት ሥር ቀበርኩት።

አንቺን ልጠይቅ ስመጣ ከአንዲት ዓሣ ሻጭ ምትኩን ገዛሁ። መስታወት ላይ ተጣብቆ አረንጓዴውን አልጌ የሚልስ ፕሌኮ የሚባል ዓሣ ሁሉ አንድ መስሎኝ፣ ቡናማውንና ነጭ ነጠብጣቡን ብቻ አየሁ። ጢሙን አላየሁም።

አንቺ ግን ስትመለሺ ገና ነጠላሽን ሳታወልቂ አየሽ። «ሽማግሌያችንን ማን ላጨው?» ብለሽ ሳቅሽ። «ታሞ ነበር፣ ያበቅላል» አልኩሽ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ጋቢ ለብሰሽ መስታወቱ ላይ ጎንበስ ትያለሽ። «ዛሬም የለም» ትያለሽ። «ታገሺው» እላለሁ። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ።

ስንጣላ ሁለት ወንበር ገንዳው ፊት አስቀምጠሽ «ሽማግሌው ይስማን፣ በደለኛው ይቅደም» ትይ እንደነበር ትዝ ይልሻል? አብዛኛውን ጊዜ የምቀድመው እኔ ነበርኩ። እያኮረፍኩ እጀምርና እሱ በዚያ ቅርንጫፍ በሚመስል ጢሙ አፈጥጦ ሲያየኝ ሳቄ ይመጣል። የዚህኛውን በደል ግን የት ልናገር? የሚሰማንን ሽማግሌ ራሴ ነኝ ያጠፋሁት።

የመኝታችንን መስኮት አሁን የእንሰቱ ቅጠል ሸፍኖታል። ገንዳውን እዚያ አዙሬዋለሁ። የዲላ ዝናብ ሲያባራ ብርሃኑ በቅጠሉ አልፎ ውሃው ላይ ይወድቅና ግድግዳው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ይወዛወዛል። እሁድ ከአምልኮ ስመለስ እዚያ ቁጭ እላለሁ። ጣሪያው ይርቃል፣ የመንገዱ ባጃጅ ድምፁ ይሰጥማል፤ እኔም ከውሃው በታች ያለሁ ይመስለኛል። የእግርሽን ኮቴ ከጓዳ የምሰማው ያን ጊዜ ነው። ዞሬ አላይም፣ እንዳይጠፋብኝ።

ዓሣ ማየትን የተማርኩት እዚያ ተቀምጬ ነው። ሲደነግጥ ይነጣል፤ ገንዳው ውስጥ ካለው እንጨት ሥር ሲውል ይጠቁራል። ቀለሙ አይታመንም። ወንዱ ሲጎለምስ ጢሙ ከአፍንጫው እስከ ግንባሩ ይወጣል። ሴቷ ቢበዛ ከንፈሯ ዳር ጥቂት አጫጭር ነው ያላት፤ ከላይ ሲያይዋት ደግሞ ሆዷ ሰፋ ይላል። እኔ የገዛሁት ሴት ነበረች። ያስጠበቅኩሽ የማይበቅል ጢም ነው፣ አስቱዬ። ምናልባት አውቀሽ ዝም ብለሽኝ ይሆን? እሱን ጌታ ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ ሄድኩ። አሁን ጢሙን አይቼ ወንዱን መረጥኩ። ሚኒባስ ውስጥ ፌስታሉን እስከ ዲላ ጭኔ ላይ አቅፌው መጣሁ፤ ውሃውንም ከመሄዴ በፊት እንዳንቺ በባልዲ ሁለት ቀን አሳድሬለት ነበር። ዛሬ ከእንጨቱ ሥር ወጥቶ፣ ጢሙን ዘርግቶ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። እስካለሁ ድረስ በየጠዋቱ ባንቺ ፈንታ ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ።

ከዚያ ሁለቱን ወንበሮች አመጣሁ። ያንቺን ከጎኔ አደረግሁ። ፊቱ ተቀመጥኩና፣ በደለኛው እኔ ነኝና፣ ድምፄን አውጥቼ ቀደምኩ።