እማዬ የወለደቻቸው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018፣ አሽዶድ፣ እስራኤል

እማዬ እዚህ እኔ ጋ እንድትኖር ቋሚ ፈቃድ ከጠየቅንላት ስድስት ዓመት አለፈ። ውጭ አገር ሌላ ልጅ ላላት እናት አይሰጡም። ዛሬ ለቃለ መጠይቅ ተጠራን። አስተርጓሚዋ፣ «እማማ፣ ስንት ልጅ ወለዱ?» አለቻት።

«ሦስት።»

ቅጹ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወንድሞቼ እኔ ሳልወለድ ጎንደር ገጠር ውስጥ በኩፍኝ ሞቱ፤ መቃብር እንጂ ወረቀት የላቸውም። ፓኪዳዋ፣ የኢሚግሬሽን ሠራተኛዋ፣ ግን የሁለቱንም የሞት ማስረጃ አምጡ ብላ ፋይሉን ዘጋችው።

አውቶቡስ ውስጥ «ምናለ አንድ ብትዪ?» ብዬ ጮህኩባት። ምላሴን በቆረጠው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ እሷ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ሰፈራችን ሮቫ ዛይን ስንወርድ ክንዴን ያዝ አደረገችና፣

«እሺ ልጄ፤ ሌላ ጊዜ ሲጠይቁኝ አልወለድኳቸውም እላለሁ» አለችኝ።