አባባና ጥንቸልሽ

ለእህቴ ለጽጌረዳ፣ አዋሳ፤

ከደብረ ታቦር ብርድ መካከል የሞቀ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔም አባባም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ትተሽብኝ የሄድሽው ጥንቸል፣ አመዶ፣ ባለፈው ሰኞ ተኮላሸ። የእንስሳት ሐኪሙ «ንጹሕ ጨርቅ ላይ ይተኛ፣ እንዳይዘል፣ መብላት ካቆመ ቶሎ አምጪው» አለኝ። አባባ ከአጠገቡ አልነሣ አሉ። ጎመን በእጃቸው ያጎርሱታል፣ በጋቢያቸው ይሸፍኑታል። «የጽጌረዳ አደራ ነው» ይሉኛል። አምና እኔ ትርፍ አንጀት ኦፕሬሽን ሆኜ ስተኛ ግን እንዲህ አልተቀመጡልኝም። ጨርቁን የምቀይረው፣ ቁስሉን የማየው እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በአንቺም በጥንቸሉም ቀናሁ።

አሁን አሁን እኔንም «ጽጌረዳ» እያሉ ይጠሩኛል። መጀመሪያ «ውዴ ነኝ» እያልሁ አርማቸው ነበር፤ አሁን ዝም ብዬ «አቤት» እላለሁ። ረቡዕ ቅዳሴ ብለው ወጥተው፣ ጎረቤታችን ጋሽ ይሻው ከከተማ ውጭ፣ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ላይ አግኝተው መለሷቸው። «አየር ልቀበል ብዬ ነው» አሉኝ አባባ።

ትናንት አመዶ ድኖ መዝለል ጀመረ። አባባ ደስ ብሏቸው ሳቁ። ከዚያ በሩን በሩን እያዩ፣ «ጽጌረዳ፣ እህትሽ ውዴ የት ቆየች? እሷ ሳትመጣ ምሳ አልበላም» አሉኝ።

ፊታቸው ቆሜያለሁ እኮ።

«ትመጣለች፣ አባባ» ብዬ ወጣሁ። ፊቴን ታጠብሁ፣ ነጠላዬን ለበስሁ፣ ተመልሼ በሩን አንኳኳሁ። «ውዴ ነኝ፣ መጣሁ» ስላቸው ተነሥተው ሳሙኝ። አብረን በላን።

ፋሲካን ሳትጠብቂ ብትመጪ ደስ ይለናል። እስክንተያይ ድረስ ጤናሽን ይጠብቅልኝ።

እህትሽ ውዴ