ቀጭ የማይለው ካሜራ

ዲኤስኤልአር ይሻላል ወይስ ሚረርለስ? ካሜራ ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። እኔም ክረምቱን በሙሉ ስጠይቅ ከረምሁ። ያላየሁት ቪዲዮ፣ ያልነዘነዝሁት ሰው የለም። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ይመልሳል። መልሱን ሳልጠራጠር የምቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ አሁን ስልክ አያነሳም።

አባዬ፣ እንዴት አለህልኝ? እንዲህ ተብሎ ወደ አንተ ይጻፍ እንደሆነ አላውቅም፤ ሌላ መጀመሪያ ግን አጣሁ። ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከጮቄ ተራራ በኩል እየተንከባለለ ይመጣና ደብረ ማርቆስን ይውጣታል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጣሪያ ይታያል፤ ከዚያ አንድ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ጋቢውን የተከናነበ ሰው። ድሮ ጨለማው ክፍል ውስጥ የፎቶውን ወረቀት ማጠቢያ መድኃኒት ውስጥ ስትነክረው ፊት ቀስ እያለ ብቅ እንደሚለው ማለት ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ይህን ሳይ እማዬ «ሰው ትጠብቂያለሽ?» ትለኛለች።

ቤታችን ብዙ ተለውጧል። ፎቶ ቤትህን እማዬ ለሁለት ከፍላ የፊተኛውን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ለምትሸጥ ሴትዮ አከራየችው። የኋለኛው ክፍል እንዳለ ነው፤ መብራቶቹም፣ ወንበሩም፣ ለመታወቂያ ለሚነሱት ሁሉ የምታውሳቸው ያ አንድ ጥቁር ኮትም። ባሕሩ ግን ቤት ገባ። ያ ከሚነሳው ሰው ጀርባ የምትሰቅለው፣ መርከብ የተሳለበት ትልቁ መጋረጃ ዛሬ ሳሎኑንና የእማዬን አልጋ ይለያል። «ማርቆስ ላይ የባሕር ዳርቻ ቤት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ» እያለች ከእንግዳ ጋር ትቀልዳለች። ሌሊት በሕልሜ አንተን የማይህ እዚያ መርከብ ላይ ነው። ነፋስ አለ፤ ኮትህ ይውለበለባል፤ እኔን ልታነሳኝ ታነጣጥራለህ። ካሜራው ግን ፊትህን ሸፍኖታል። «አውርደው፣ አባዬ፣ ልይህ» እላለሁ፤ አታወርደውም። ስነቃ መጋረጃው ብቻውን ይወዛወዛል።

እኔ ተመረቅሁ። በአካውንቲንግ፤ አንተ እንደፈለግኸው። የሥራ ማስታወቂያ ላነብ ከቤት እወጣለሁ፤ እግሬ ግን ዞሮ ዞሮ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ያቆመኛል። አንድ ቀን ለእማዬ «ልክፈተው» አልኋት። «ክፈችው። የጥር ሠርግ ሳያልፍሽ ክፈችው። ካልሆነልሽ ግን የኋለኛውንም አከራየዋለሁ፤ ባዶ ክፍል እያየሁ ማርጀት አልፈልግም» አለችኝ። አልፈረድሁባትም። እንግዲህ የቀረኝ ካሜራ ነበር።

ያንተው ደክሞታል፣ አባዬ። ዝናብ በዘነበ ቀን ውስጡ ያለችው መስታወት ትነሳና እዚያው ተንጠልጥላ ትቀራለች። የሚጠግነው ሰውዬ ከፍቶ አይቶ ዘጋውና «አክብረሽ አስቀምጪው» አለኝ። ለሽማግሌ እንደሚባለው።

ታናሽ ወንድምህ አያ ውበቱ ይህን እንደሰማ ከጉንደ ወይን የእህል ንግዱን ትቶ መጣ። «የአባትሽን ዓይነት እኔ እገዛልሻለሁ፤ አለቀ!» አለ። መስታወት ያለውን፣ ዲኤስኤልአሩን ማለቱ ነው። መጥፎ ሐሳብ እንዳይመስልህ። ሌንሶችህ በቀጥታ ይገጥሙለታል፤ አንዱ ባትሪ ሠርጉን ከሙሽራ ቤት እስከ መልስ ይዘልቃል፤ ሰው ሁሉ እየሸጠው ስለሆነም ዋጋው ወርዷል። ምን ጎደለብኝ? ግን ልቤ ወደ ሌላው አዘነበለ። ሚረርለስ ምን እንደሆነ ላስረዳው ሞከርሁ፦ «መስታወቷ የለችም፣ አያ። ካሜራው ራሱ የሚያየውን ነው የማየው።»

«መስታወት ከሌለው በምኑ ያያል? ዕውር በያ!» አለና ሳቀ። እሱን ለመግዛት ያንተን ካሜራ መሸጥ እንዳለብኝ ስነግረው ግን ሳቁ ጠፋ። «የተለቀሰበትን? አንች ልጅ፣ የተለቀሰበት ዕቃ ገበያ ይወጣል?»

በራስህ ለቅሶ ላይ የሆነውን አንተ አታውቀውም። ልንገርህ። በአገራችን ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ከፍ ተደርጎ ይያዛል። ስንቱ ሐዘንተኛ የቀበሌ መታወቂያ ጨብጦ እየሮጠ መጥቶ «ይህችን አሳድግልን» ብሎሃል! ምሳህን ትተህ ተነስተህ ሠርተህላቸዋል። የአንተ ቀን ሲደርስ ግን ቤቱን ገለባብጠን አንድ ፎቶህን አጣን። ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ነበርህ። መታወቂያህ ላይ ያለውም ማኅተሙ ፊትህ ላይ አርፎበታል። ያኔ አያ ውበቱ ካሜራህን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ድንኳኑ መሐል ዞረ፤ ጀግና ገበሬ ሲሞት ጠመንጃው እንደሚያዝለት። አልቃሿም ተቀብላ እንዲህ አለች፦

የአገሩን ሙሽሮች ሁሉን አነሳሃቸው፣
ዛሬ አንተን ሲያነሱህ ምነው ዝም አልሃቸው።

ሰዉ ሁሉ ደረቱን መታ። ስለዚህ ወንድምህ «ይህማ አይሸጥም» ሲል ምን አፍ ኖሮኝ እከራከረዋለሁ? ወይ የእሱን ዲኤስኤልአር አመስግኜ መቀበል፣ ወይ ብቸኛ አጎቴን አስቀይሜ የልቤን መግዛት። በዚህ መሐል መስከረም ጠባ።

ልቤ ለምን እንዳዘነበለ የማውቀው ግን እኔ ነኝ። ምክንያቱ አንተው ነህ። ልጅ ሳለሁ ሌንሱን ፈትተህ ትንሿን መስታወት ያሳየኸኝ ቀን ትዝ ይልሃል? ጥፍሬን የምታክል ሰማይ ተኝታባት ነበር። «በዚህች ነው የማየው» አልኸኝ። «ስጫን ትነሳለች፤ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ያልፋል። ለእኔ ግን ያን ጊዜ ይጨልምብኛል። ይገርምሻል፣ ይህን ሁሉ ሰው አንስቻለሁ፤ ያነሳሁባትን ቅጽበት ግን አንድም ቀን አይቻት አላውቅም።» ደግሞ ስለ ሰው ፊት የምትለው ነገር ነበረህ። ሰው እውነተኛ ፊቱን የሚያወጣው ካሜራው ቀጭ ካለ በኋላ ነው፤ ትንፋሹን ሲለቅ። ያንን ፊት ለመያዝ ደግመህ ስትጫን ድምፁን ይሰማና መልሶ እንጨት ይሆናል። «እሱን ፊት አንድ ቀን እይዘዋለሁ» እያልህ ሄድህ።

መቅደስ የምትባል የግቢ ጓደኛ አለችኝ፤ ባሕር ዳር ፎቶ ታነሳለች። ሚረርለሷን ለጥቂት ቀን አዋሰችኝ። «ባትሪ ይበላል። መለዋወጫ ሳትይዢ ወጥተሽ፣ መብራት ጠፍቶ ብታለቅሺ የለሁበትም» ብላ። ይዤው አምበር ወረድሁ። እዚያ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት አሉ፤ አዲስ አበባ ያለች ልጃቸው «ፎቷቸውን አንሺና ላኪልኝ» ብላኝ ነበር። ወንበር አውጥተው ጤፉ ዳር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ነፋስ ሲያልፍበት ያ መጋረጃችን ላይ ያለው ባሕር ይመስላል። ብርሃኑም አንተ የምትወደው፣ ማንንም የማያጣድፈው ነው።

ተጫንሁ። ደግሜ ተጫንሁ። ካሜራው ዝም፣ ሽማግሌዎቹም ዝም። አይንቀሳቀሱም፤ ዓይናቸውን እንኳ አያርገበግቡም።

«አንሺን እንጂ፣ ልጄ» አሉ አባት፣ ከንፈራቸውን ሳያነቃንቁ።

«አንስቻችኋለሁ፣ አባባ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

«ቀጭ ሳይል? ቀጭ ካላለማ አልተነሳንም።»

«ይህኛው ድምፅ የለውም፣ አባባ።»

«ዱዳ ነው?»

«አንች ልጅ!» አሉ እናት ፊታቸውን እንዳደረቁ፤ «ትንፋሼን ይዤልሽ አለቅሁ። በቁማችን ሬሳ ልታደርጊን ነው?»

ምን ላድርግ፣ አባዬ? በምላሴ «ቀጭ» አልሁ። ሁለቱም እኩል ተነፈሱ። ትከሻቸው ወረደ፤ አባት የጨበጡት በትር ላላ። አባት ወደ ሚስታቸው ዞረው «አንች ደግሞ ዓይንሽን ጨፍነሽ ይሆናል» አሉ። እናት «አንተን ላለማየት ነዋ!» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ አባትም ያን ሳቅ አይተው እንደ ጎረምሳ አፈሩ። ያን ሁሉ ጊዜ ጣቴ ከመጫኛው አልተነሳም ነበር። የሰማኝ የለም፤ መልሶ የደረቀም የለም። ዓይኔም አልጨለመም። ያ አንተ የምትለው ፊት መጣ፤ ሲመጣ አየሁት፤ እያየሁም ያዝሁት። ከአምበር ስመለስ መኪናው ውስጥ መስኮቱን ተደግፌ አለቀስሁ። የሐዘን አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ግን «አይዞሽ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ።

እሑድ አያ ውበቱ መልሴን ሊሰማ መጣ። የኋለኛው ክፍል ገብቶ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠ። እኔ ሻይ ላመጣ ስወጣ ዞር ብዬ ሳይ ያንተን ካሜራ ከመደርደሪያው አውርዶ በጋቢው ጫፍ ይወለውለዋል። በሩ ላይ ቆምሁ። ሌንሱን እፍ አለበት፤ ጠረገው፤ ከዚያ እቅፉ ላይ አስቀምጦ መስኮቱን ያይ ጀመር። የመቅደስ ካሜራ አንገቴ ላይ ነበር። ተጫንሁ፤ አልሰማም።

የእነዚያን የአምበር ሽማግሌዎች ላሳየው ብዬ ካሜራውን ሰጠሁት። አገላበጠ፤ ሳቀ። መጨረሻ ላይ ጣቱ ቆመ። ትንሿን ስክሪን ወደ ዓይኑ አስጠጋት፤ አራቃት።

«እሱን መቼ ነው እንዲህ ያነሳሽው?» አለኝ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ፎቶ የለውም ስትሉን አልነበር?»

«አንተ ነህ፣ አያ። አሁን፣ እዚሁ ተቀምጠህ።»

አላመነኝም። ጋቢውን አየ፤ መስኮቱን አየ፤ እጁን አየ። ሰው ሳያውቅ የሚመጣውን የራሱን ፊት ዕድሜውን በሙሉ አይቶት አያውቅም ነበርና ወንድሙን ያየ መሰለው። አልተሳሳተም ማለት ይቻላል። እኔም ደግሜ ሳየው አንተ ነህ፤ ግንባሩ፣ አፉ ዳር ያለችው መስመር፣ ሥራ ጨርሰህ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ የነበረችው ያች ድካም። እማዬን ጠራናት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ አየች። አጎንብሳ ስክሪኑን ሳመችው።

አያ ውበቱ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አልጠጣም። በኋላ ጉሮሮውን ጠራረገና የእህል ገበያ ድምፁን አወጣ፦ «በይ ስሚ። ለባዳ ከምትሸጪው ለእኔ ሽጪልኝ። ያ ዕውሩ ካሜራ የሚጠይቀውን ያህል እከፍላለሁ። ክርክር አልወድም።» ይኸው ዛሬ ካሜራህ ጉንደ ወይን፣ እህል ቤቱ ውስጥ፣ ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሏል። ገበያተኛ «ይህ ምንድን ነው?» ሲለው «ሚዛን የሚሰርቀኝን ያያል» ይላል አሉ። ሌንሶችህ ግን ከእኔ ጋር ናቸው። በመሐል የሚገባ ቀለበት አለ፤ በእሱ አዲሱ ላይ ይገጥማሉ። ስለዚህ አሁንም የማየው አንተ ባየህበት ሌንስ ነው።

ሚረርለሱን ገዝቼዋለሁ፣ አባዬ። ከጥምቀት በፊት እከፍታለሁ። የመጀመሪያዋ ሙሽራ አነጋግራኛለች።

የማስታውስህ በድንኳን ብቻ እንዳይመስልህ። ፊቱ ተገትሮ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው በመጣ ቁጥር፣ ትንፋሹን እስኪለቅ እንደ አንተ ዝም ብዬ እጠብቀዋለሁ። ስምህንም ከበሩ በላይ አሳድሼ አጽፈዋለሁ። እኔ በዚህች ምድር ላይ እስካየሁ ድረስ አትረሳም።

አንድ ነገር ብቻ አልተፈታልኝም። ይህ ካሜራ ከፈለግሁ ድምፅ ማውጣትም ይችላል፤ አንድ ቁልፍ ነው። ካበራሁት ሰው መነሳቱን ያውቃል፤ ግን ያ ፊት ይሸሻል። ካጠፋሁት ያ ፊት ይመጣል፤ ግን ሰው ሳያውቅ የወሰድሁት ይሆናል። ይህ ፍቅር ነው ወይስ ስርቆት? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ዛሬ ማታ በመርከቡ ላይ ሳይሆን በእግርህ ና፤ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ተቀመጥና ንገረኝ። ይህን ደብዳቤ የምታነቡ፣ አባቴ ፊት ትንፋሻችሁን ይዛችሁ የቆማችሁም ካላችሁ፣ ፎቶ ቤታችን ጎራ በሉና እናንተም መልሱልኝ፦ ስትነሱ ድምፁን መስማት ትፈልጋላችሁ?