የባለመሬት ባልዲ

ቬርናዬ፣

ያለሁት ሽማግሌው አጎቴ ታርሎ ዘንድ ነው። እሱ እንደምታውቂው ባሕሩ ሲሸሽ ከጭቃው የሚበላ ዛጎል ቆፍሮ አዳሪ ነው። አርባ ዓመት የአንዲት ባልቴት መሬት አቋርጦ ወደ ባሕሩ ሲወርድ፣ በየቅዳሜው አንድ ባልዲ ዛጎል ደጃፏ ያስቀምጥላት ነበር። አምና ሴትዮዋ አረፈች። ልጆቿ መሬቱን ለመዝናኛ ቤት ሠሪዎች ሊሸጡት ሲሉ፣ መንግሥት ለባሕር ዳርቻ መጠበቂያ በያዘው በጀት ገዛውና እንዳለ እንዲቆይ አደረገው።

ዛሬ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ እዚያ ምልክት ስትተክል፣ ታርሎ ከእኔ ጋር ከጭቃው ወጥቶ ባልዲውን እግሯ ሥር አስቀመጠ።

«ምንድን ነው አባባ?»

«የባለመሬት ድርሻ ነዋ።»

«መንግሥት ስጦታ አይቀበልም።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እዚህ አልረግጥም።» ፊቱን ብታዪው ቀልድ አልነበረም።

ልጅቷ ግራ ገባት። «አባባ፣ መሬቱ እኮ የሁሉም ሰው ነው። የእርስዎም፣ የእንግዳዎም።»

ታርሎ አገጩን አከከና ባልዲውን ወደ እኔ ገፋው። «እንግዲህ በተራ ነው። የዛሬ ባለመሬት አንቺ ነሽ።»

ዛጎሉን ቀቅዬ በቅቤ በላሁት። እኛ ጋ ዳርቻው ተሸጦ ከታጠረ ወዲህ ዛጎል ከሱቅ እንደምንገዛ ሳልነግረው ቀረሁ፣ አፈርኩ። ግን የሰሜኑ ዳርቻችን ገና አልተሸጠም። መንግሥት እሱንም እንዲገዛው የበጀቱ ማመልከቻ ዓርብ ይዘጋል፤ የመሬቱን ወራሾች ፊርማ አደራ።

ፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ታርሎ የመጪው ቅዳሜ ባለመሬት ቬርና ናት ብሏል፤ ባልዲሽን ይዘሽ ነይ።

ኦድራ