ባለ ሁለት ቁጥሩ ዘይት

ዲላ፣ ጥር ፲፫ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለወንድይራድ፣
አሰብ።

እንዴት ነህ? ያ አሰብ የሚሉት ምድጃ ቀቅሎ ካልጨረሰህ፣ ለተረፈው አካልህ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ላይ ይንቋቋል እንጂ ሌላው ሁሉ በየቦታው አለ።

አሰገደችን እንድጠይቅልህ ለሽምግልና ደጋው ወርቃ ድረስ ልከኸኝ ነበርና፣ መልሱን ለመስማት ጆሮህ እንደቆመ አውቃለሁ። ትንሽ ይቁም። አስቀድሜ ስለ መኪናው ልንገርህ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

የላንድሮቨሩ ቆጣሪ ዘጠኝ ዘጠኙን ደርድሮ ጨረሰና ባለፈው ጥቅምት ወደ ዜሮ ተመለሰ። እንግዲህ በቆጣሪው ከሄድን አዲስ መኪና ነው። ችግሩ አዲሱ መኪናችን ዘይት ይጠጣል፤ ሰማያዊ ጭስም ይጎትታል። ከጪጩ ገበያ የሚመለሱ ሴቶች ገና ከሩቅ ሲሰሙኝ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ።

አንተማ ጽፈህልኝ ነበር። «አባባ፣ ሞተሩ ስላረጀ ቀጭን ዘይት በክፍተቱ እያለፈ ይቃጠላል። በጣም ወፍራሙንም አይጨምሩ፤ ደጋ ሲያድር ይረጋል። የላክሁልዎትን ባለ ሁለት ቁጥር፣ ሃያ ሃምሳውን ያድርጉበት። ሲበርደው ቀጭን፣ ሲሞቀው ወፍራም ነው።»

ይህን ለሸምሰዲን አነበብኩለት። ሱቁ ውስጥ ማርና የሞተር ዘይት ጎን ለጎን እንደሚሸጥ ታውቃለህ።

«ሲበርደው ሌላ፣ ሲሞቀው ሌላ? ይሄ ዘይት ነው ወይስ የፍርድ ቤት ምስክር?» አለኝ።

እኔም ሁለት ቁጥር የያዘ ነገር አላምንም። ስለዚህ ማር እንደምንመርጠው አደረግን፤ በየቆርቆሮው ስንጥር ነከርን። ቁጥር ሠላሳው ጠብ ጠብ አለ። አርባው ትንሽ ዘገየ። ሃምሳው ግን ሸምሰዲን ቆቡን አውልቆ፣ ራሱን አክኮ፣ መልሶ እስኪያጠልቅ ድረስ ከስንጥሩ አልወረደም። «ይሄ ነው ያልተበረዘው!» አልን። ሞላሁት።

እውነት ለመናገር ጭሱ ጠፋ፤ ሞተሩም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ልኩራራብህ ብዕር ሁሉ አንስቼ ነበር። እንኳንም አልጻፍኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት እኔና ሸምሰዲን ወርቃ፣ አቶ ይርጉ ግቢ ደረስን። የአሰገደች አባት ፊታቸው የተዘጋ መዝጊያ ነው። ቆመን «ልጅዎን ለልጃችን» አልን። «ከዘመድ ልምከር፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» አሉ። አልከፋንም፤ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሳይመላለስ ማን ልጅ ይሰጣል? መንገዱ ሩቅ ነውና እዚያው አሳደሩን።

ጠዋት ተሰናብተን መኪናው ውስጥ ገባን። የወርቃ ብርድ ጥርስ ያንገጫግጫል። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ አንዴ «ኧኽ» አለ። ስደግመው «ኧኽ»ም ቀረ። ሸምሰዲን ወርዶ በማስነሻው ብረት ሊያዞረው ታገለ፤ የዞረው ግን ሸምሰዲን ራሱ ነው።

ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

«አቶ ይርጉ፣ ተመልሰን መጥተናል። ሁለተኛ ጊዜያችን ነው።»

«አቶ ገብረኪዳን፣ መቼ ሄዱና?»

«ተሰናብተን የለም እንዴ? መኪና ውስጥም ገብተናል።»

ከንፈራቸው ሊስቅ ሲል ያዙት። «ሌላ ቀን ተመለሱ» አሉ።

ጎረቤት ተጠርቶ ተገፋን። ከግቢው ወጥተን ቁልቁለቱን ተንደረደርንና እንሰታቸው መሐል ገብተን ቆምን። በእግራችን ተመለስን። «ሦስተኛችን ነው» አልኳቸው፤ «አሁንስ ከግቢም ወጥተናል!»

ይሄኔ አሰገደች ሞተሩን ከሥር ልታሞቅልን ፍም በገል ይዛ ወጣች፤ ሁላችንም ተከትለናት ወደ እንሰቱ ወረድን። መኪናው ዘንድ ጎንበስ አለችና «አባባ፣ ምን ዘይት ነው ያደረጉበት?» አለችኝ።

«ሃምሳ።»

«ወንድይራድ ሃያ ሃምሳ ያድርጉ አላለዎትም?»

አቶ ይርጉ ከመኪናው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺ በምን አወቅሽ?» አሉ አባቷ።

አለቀልን አልኩ። ከአባት ተደብቆ ለሚጻጻፍ ሰው ልጅ አይሰጥም፤ እኔም ብሆን አልሰጥም። ልጅቷ ቤት ገብታ ደብዳቤህን አመጣች። አቶ ይርጉ እዚያው ቆመው ጮክ ብለው አነበቡት። አንተ ልጅ፣ አራት ገጽ ሙሉ ስለ ዘይት! «ዓይንሽ» የለ፣ «ናፍቆትሽ» የለ። እኔ ነኝ ያፈርኩልህ። መጨረሻው ላይ ብቻ፦ «አባባ እልኸኛ ናቸው፤ አይሰሙኝም። ወርቃ ከመጡ ዘይቱን ጠይቂልኝ። መንገድ ላይ ብቻቸውን እንዳይቆሙ እፈራለሁ» ይላል።

አቶ ይርጉ ይህችን ሁለት ጊዜ አነበቧት። ከዚያ አንድ የእንሰት ግንድ ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ለሴት ልጅ ይህን የሚጽፍ ሰው ተንኮል አይችልበትም። ልጄን ሰጥቻለሁ። ነገር ግን ራሱ መጥቶ ይህን መኪና ከእንሰቴ ያውጣ። አንቺ፣ ፍሙን መልሺው።»

እኛ በቡና ጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ዲላ ገባን። ሸምሰዲን ከእንግዲህ ስንጥር ለማር ብቻ ነው ብሏል።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለሰው አታውራ። አምስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲመታው ዘይቱ ላልቶ መኪናው በራሱ ይነሣ ነበር። ሃያ ዓመት መሪ የያዝኩ ሰው ይህ አይጠፋኝም። አቶ ይርጉም ያውቃሉ። ተያየንና መኪናውን እዚያው ተውነው። ካየሁህ ሦስት ዓመት ሆነኝ።

እግዚአብሔር ከአሰብ ወበቅ ይሰውርህ፤ መንገድህን ያቅናልህ፤ ጎጆህን ያሙቅልህ፤ ለአሰገደች የምትጽፈው የሚቀጥለው ደብዳቤህ ግን እኔ አይቼው ይላክ።

አያትህ፣
ገብረኪዳን

ዘይት አትግዛ። የላክኸው ሃያ ሃምሳ አልጋዬ ሥር አለ፤ ክዳኑን አልነካሁትም። መጥተህ ራስህ ትከፍተዋለህ።