ልቤን ብላት ጨጓራ አለችኝ

ጥፋቱ የነርስ ሰምሃል ነው። እህቴ ኢፍቱ፣ ሰላምታዬ ከካዛንቺስ አምቦ ድረስ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከኦሎምፒያ ቤቴ እስክደርስ ሦስቴ ከማረፌና ግራ እጄ ከመደንዘዙ በቀር። ብርድ ይሆናል።

ጤና ጣቢያ ሰምሃል ጎረቤቴን ለተገብርኤልን «አደይ» ብላ ተቀብላ በትግርኛቸው ስታጫውታት ቆየች። ደረቷን አዳምጣ ለራጅ ላከቻት። እኔ ግን እኛ በኦሮምኛችን ላጴ የምንለውን ደረቴን «ልቤን አቃጠለኝ» ብላት፣ ቀና ሳትል «ጨጓራ ነው እማማ፣ በርበሬ ይቀንሱ» አለችኝ። ለተገብርኤል ደግሞ «ሸዋዬ፣ እንዴት ያለች ልጅ ናት!» ስትለኝ አንጀቴ አረረ።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ፊደል በስተርጅና ብቆጥርም ላንቺ መጻፌን አልተውም፤ ለሰምሃል ግን አመመኝ ብዬ ዳግም አፌን አልከፍትም።